ስለ ምድር ባቡር ቤቶችና ስለ ባለቤቱ ምክር

በምድር ላይ የተሠራ ቤት ሁሉ ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው ድንጋዩን አስጠርቦ፥ ገንዘቡን ከፍሎ ያሠራው ነው። ሁለተኛውም በውስጡ የኖረው፥ በደጁ የተገናኘውና የተሰነባበተው፥ ሰፈሩንም በቤቱ ስም የጠራው ሕዝብ ነው። የፊተኛው ባለቤትነት በውል ይጻፋል፤ የኋለኛው ግን በልብ እንጂ በወረቀት ስለማይጻፍ፥ ቤቱ አርጅቶ ዕጣው በሚቈረጥበት ቀን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ ፈረንሳውያን በኢትዮጵያ ስለ ሠሯቸው የምድር ባቡር ቤቶች ነው። እነዚህ ቤቶች የባዕድ ሥራ ሲሆኑ የአገር ልጅ ሆነዋልና፥ ወደ ፊት ምን ይሁኑ በተባለ ጊዜ ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራሉ። ነገሩ ከሮቢት የራቀ ቢመስልም፥ አሮጌ ቤት ላለው አጥቢያ ሁሉ የሚበጅ ነው።

፩። ስለ ሐዲዱ አጀማመር

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓመተ ምሕረት ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሼፍኔ ጋራ ኩባንያ አቋቁሞ፥ ሥራው በ1890 ዓመተ ምሕረት በጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ በረሓ፥ ውሃውም ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ብዙ ድካም ጠየቀ። በ1895 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር ሐዲዱ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሐረር ተራራ በታች ካለው ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው አሳብ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ዳገቱ ስለ ከለከለ ግን ጣቢያው በሜዳው ላይ ተሠራ። በጣቢያውም ዙሪያ ዛሬ ድሬ ዳዋ የምትባለው ከተማ ተቈረቈረች፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ብዙ ዓመት ቆመ። ያቆመውም የገንዘብ ማጣት ብቻ አልነበረም። በ1894 ዓመተ ምሕረት የፈረንሳይ መንግሥትና ኩባንያው ንጉሠ ነገሥቱን ሳያማክሩ ተዋዋሉ፤ በውሉም የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ገንዘብ እየረዳ በሐዲዱ ላይ ሥልጣን እንዲያገኝ ተደረገ። ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ፤ ሐዲዱም ከድሬ ዳዋ አልፎ እንዲሄድ ሳይፈቅዱ ቀሩ። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሠረ። በ1900 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ የጓዴሉፕ ተወላጅ ለሆነው ለሐኪማቸው ለዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ዐዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ በዚህም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ቆመ። ሐዲዱም አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም ከጅቡቲ ጀምሮ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ምኒልክ ግን በ1906 ዓመተ ምሕረት ዐርፈው ነበርና የጀመሩትን ሥራ ፍጻሜ አላዩም።

አንባቢ ይህን ያስተውል። ሐዲዱን በመንገድ ካስቀሩት ነገሮች አንዱ፥ ባለቤቱ ያልተጠየቀበት አንድ ውል ነው። በኋላም ወደ ፊት የሄደው ባለቤቱ በፈቀደው መንገድ ነው።

፪። ስለ ቤቶቹና ስለ ስማቸው

ከሐዲዱ ጋራ ቤቶች ተሠሩ። በድሬ ዳዋ ጣቢያው፥ የሠረገላ መጠገኛው ሰፊ አዳራሽ፥ የሹማምንቱና የሠራተኞቹ መኖሪያ ተሠራ። ከዚራ የተባለው ሰፈር ቀጥ ባሉ ጐዳናዎችና በጥላ ዛፎች ተለክቶ ተሠራ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን በገበያተኛው ፈቃድ እየጠመዘዘ አደገ። ስለዚህ የከተማይቱ ሁለት ወገን እንደ ሁለት ቋንቋ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበር፥ መንገደኛው በድሬ ዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስም ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የማደሪያ ቤት ለዚህ ምክንያት የተሠራ ነው።

በአዲስ አበባም ታላቁ ጣቢያ በ1922 ዓመተ ምሕረት ተመረቀ። ፈረንሳውያን ጣቢያን «ላ ጋር» ይላሉ፤ የከተማው ሰው ይህን ሰምቶ «ለገሃር» አለው። ስሙም ከጣቢያው አልፎ የሰፈሩ ሁሉ ስም ሆነ። የሠረገላው ስም «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የመብል ቤቱ ስም «ቡፌ»ም እንዲሁ። «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ፥ እንፋሎት ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው «ቫፐር» በሌሎች አገሮች አፍ አልፎ የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን በገጠር ያለች እናት እህሏን ባቡር ቤት ወስዳ ስታስፈጭ የባዕድ ቃል ተናገርሁ ብላ አታስብም። ቃሉ በአፍ ሲኖር አገሬ እንደ ሆነ፥ ቤቱም ሰው ሲኖርበት እንዲሁ አገሬ ሆነ።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ሐዲድ ሳትነካ አልቀረችም። በ1916 ዓመተ ምሕረት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮም ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በቀላሉ ይገኝ ጀመር፤ ቀድሞ በሣር ይከደኑ የነበሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ቀስ በቀስ በቆርቆሮ ተከደኑ። እንግዲህ ለገሃርን አይቶ የማያውቅ የገጠር ካህንም የዚያን ቤት በረከት ከራሱ በላይ ተሸክሞ ቀድሶበታል ማለት ነው።

በጣቢያውም ፊት በ1923 ዓመተ ምሕረት ለንግሥ በዓል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ፤ ቀራጺውም ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ሐዲድ ወደ ስደት ሄዱ። ጠላትም አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አንበሳውን ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው። በ1930 ዓመተ ምሕረት ዘርዓይ ደረስ በሮም በዚህ ሐውልት ፊት ስለ አገሩ ክብር እንደ ተነሣ በታሪክ ይነገራል። አንበሳውም ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቈይቶ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። የፈረንሳዊ እጅ የቀረጸው ሐውልት ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያዊ በባዕድ ከተማ ቆሞ የተቈጣለት የራሱ ስለ ሆነ ነው። የእንዲህ ያለውን ሐውልት ወይም ቤት ባለቤት ለማወቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም።

፫። ሐዲዱ ዝም ስላለበት ዘመንና ስለ ተነሣው ጥያቄ

በ1952 ዓመተ ምሕረት በተደረገው ውል የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1969 ዓመተ ምሕረት ነጻ ከወጣች በኋላም የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እርስዋ ዞሮ፥ ሐዲዱ የሁለቱ ጎረቤታሞች አገሮች ሆነ። ዕድሜው ግን ገፍቶ ነበር፤ ከ2000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል የነበረው ጕዞ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓመተ ምሕረት ቻይናውያን የሠሩት ዐዲስ ሐዲድ ተመረቀ፤ ዐዲሶቹ ጣቢያዎች ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው ስለ ተሠሩ፥ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ያለ ሥራ ቀሩ።

ሥራ የሌለው ቤት ደግሞ ጥያቄ ያስነሣል። በኅዳር 2011 ዓመተ ምሕረት በለገሃር አካባቢ 36 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ዐዲስ የመኖሪያና የንግድ ሰፈር ሊሠራ እንደ ተወሰነ ተነገረ፤ ሥራውንም ከዓረብ ኤምሬቶች የመጣ ኢግል ሂልስ የተባለ ኩባንያ ያዘ። አሮጌው ጣቢያ ሳይፈርስ እንዲጠበቅ፥ በስፍራው የሚኖሩትም ሰዎች ከዚያው ከሰፈራቸው ሳይርቁ ቤት እንዲያገኙ ቃል ተገባ። ይህ ቃል በጎ ነው፤ ቤትን ጠብቆ ሰውን መበተን፥ ሰውንም ጠብቆ ቤትን ማፍረስ ሁለቱም ጕድለት ነውና። በ2016 ዓመተ ምሕረት ግን በፒያሳ በኩል ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። አንዳንዱ ጐዳናው ስለ ሰፋ ደስ አለው፤ አንዳንዱም አባቱ የነገደበት፥ እርሱም ያደገበት ደጃፍ ስለ ጠፋ አዘነ።

በዚህ ነገር ሰዎች የሚናገሩት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኞቹ፥ «ይህ የባዕድ ሥራ ነው፤ ያረጀና የማይጠቅም ስለ ሆነ ለዐዲስ ይልቀቅ፤ ሕዝቡ የሚሻው ውሃና መብራት ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ጣራው የሚያፈስስበት ድኻ የቅርስ ጠባቂ ሁን ቢሉት አይሰማም። ሁለተኞቹ፥ «አንድ ድንጋይ እንኳ አይነካ» ይላሉ። እነዚህም ፍቅራቸው መልካም ሲሆን፥ የማይኖርበት ቤት ከሚፈርስ ቤት ይልቅ ቶሎ እንደሚያልቅ ይዘነጋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከቤቱ ጋራ የኖሩትን ሰዎች ጠርቶ መጠየቅ ነው።

ለዚህም የድሬ ዳዋ ነገር ይበልጥ ያስረዳል። በኩባንያው ዘመን የሥራውም የመዝገቡም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ስለዚህ በመጠገኛው አዳራሽ ያረጁት ሠራተኞች ፈረንሳይኛን በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በመዶሻና በመፍቻ ተማሩት። ይህ መንኰራኵር ለምን እንደ ተቀየረ፥ ያ መዝገብ ምን እንደሚል፥ በየትኛው ደጃፍ የመንደሩ ሰው ተሰልፎ ዘመዱን እንደሚቀበል የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። እነርሱ ሳይጠየቁ ቤቱ ቢታደስ፥ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ ነገር ግን ዲዳ ይሆናል። እነርሱ ሳይጠየቁ ቢፈርስም፥ የፈረሰው ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ ነው።

የአገሩም ሕግ ይህን አይቃወምም። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 209፥ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይጠብቃል። ነገር ግን ሕግ ድንጋዩን ሊጠብቅ ይችላል፤ ድንጋዩ ለሰው ምን እንደ ሆነ የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

፬። የቅርብ ምሳሌ ከላሊበላ

ሕዝብ ቢናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከሮቢት ሩቅ አይደለም፤ በዚያው በሰሜን ወሎ በላሊበላ ነው። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ዝናም እንዳይጐዳቸውም ከአውሮፓ በመጣ ገንዘብ ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተሠርተው በ2000 ዓመተ ምሕረት ተፈጸሙ። አሳቡ በጎ ነበር፤ መጠለያዎቹም ለጊዜው እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ካህናቱና የከተማው ሰዎች የብረቱ ክብደት ዐለቱን እንዳይጐዳ፥ ነፋስም እያወዛወዘው እንዳይወድቅ ፈሩ። በ2011 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያም የላሊበላ ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ መጠለያዎቹ እንዲነሡና አብያተ ክርስቲያናቱ በደኅና እንዲጠገኑ ጮኸ።

ያ ጩኸት በከንቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ወደ ላሊበላ መጡ፤ ከዚያም በኢትዮጵያና በፈረንሳይ ትብብር የጥናት፥ የጥገናና የአገሩን ተወላጆች የማሠልጠን ሥራ ተያዘ። እንግዲህ ነገሩ ተገላብጦ ይታይ። በለገሃር ፈረንሳውያን የሠሩትን የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ነው፤ በላሊበላም ኢትዮጵያውያን አባቶች የፈለፈሉትን ለመጠበቅ ፈረንሳዊ ይረዳል። ቅርስ የሰው ልጅ ሁሉ መገናኛ ነውና ረዳቱ ከየትም ይምጣ፤ የመጀመሪያው ቃል ግን በየማለዳው ደጁን ከሚሳለመው ሰው አፍ ሊወጣ ይገባል። መጠለያው ከመሠራቱ አስቀድሞ ያ ቃል በሙሉ ተሰምቶ ቢሆን፥ በኋላ በአደባባይ መጮኽ ባላስፈለገም ነበር።

፭። ስለ ምክር ሥርዐት

ይህ ሥርዐት ዐዲስ ትምህርት አይደለም፤ ከመጻሕፍት የተገኘ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊያድስ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ በሌሊት ዞሮ ፍርስራሹን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ካህናቱንና ሹማምንቱን፥ የቀረውንም ሕዝብ ሰብስቦ አሳቡን ነገራቸው። በሥራውም ጊዜ ብዙው ሰው በቤቱ አንጻር ያለውን ቅጥር ሠራ። ለቅጥሩ ከንጉሥ ደብዳቤ ይልቅ ጕልበት የሆነው ይህ ነው። ሐዋርያትም በመበለቶች ምግብ ምክንያት ማንጐራጐር በተነሣ ጊዜ ብቻቸውን አልወሰኑም፤ ሕዝቡን ጠርተው ሰባቱን ዲያቆናት ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በዕዝራ መጽሐፍ የተጻፈው ነው። የሁለተኛው ቤተ መቅደስ መሠረት በተጣለ ቀን፥ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች አለቀሱ፤ ሌሎቹ ደግሞ በደስታ ጮኹ፤ የልቅሶው ድምፅም ከደስታው ድምፅ ሊለይ አልተቻለም። ሽማግሌዎቹ ስላለቀሱ ማንም አልገሠጻቸውም፤ ወጣቶቹም ደስ ስላላቸው አልተነቀፉም። ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ የተሰማበት ሥራ ጸና።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓመተ ምሕረት ከወጣ ጀምሮ ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፥ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሕዝብን መጠየቅ ከውጭ የሚበደሩት ሥርዐት አይደለም፤ ያለውን ሥርዐት በእውነት መፈጸም ነው።

«ሕዝብ ሁሉ ከተጠየቀ ሥራ መቼ ይፈጸማል?» የሚል ቢነሣ፥ መልሱ ጥያቄውን መለየት ነው። ግድግዳው ይሸከማል ወይስ አይሸከምም የሚለው ለመሐንዲሱ ነው፤ በዚህ ድምፅ አይሰጥበትም። የትኛው ክፍል ሊነካ አይገባውም፥ ቤቱስ ከእንግዲህ ለምን ሥራ ይዋል፥ በስፍራው ያሉትስ ወዴት ይሂዱ የሚለው ግን የባለቤቱ ነው፤ በዚህም መሐንዲሱ ብቻውን አይወስንም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነገር ይረዝማል፤ ሲለዩ ግን ያጥራል።

፮። ለሮቢት የሚሆነው ትምህርት

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ታላቅ ጐዳና ላይ ያለች ናት። ያን ጐዳና በወረራው ዘመን ጣልያን ለጦሩ ሠራው፤ ዛሬ ግን የራያ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን ወደ ገበያ የሚያወርድበት፥ ምእመኑም ለንግሥ በዓል የሚመጣበት መንገድ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድም ወደ መቀሌ እንዲቀጥል ታስቦ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ስለዚህ የሐዲድና የጣቢያ ነገር ለራያ ቈላ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2013ና በ2014 ዓመተ ምሕረት በሆነው ጦርነትም የዚህ አገር ሰው ቤት ሲጠፋ ከቤቱ ጋራ ምን እንደሚጠፋ ከሌላው ይልቅ ዐውቋል።

አጥቢያ ሁሉ የራሱ ለገሃር አለው። ቅኔ ማኅሌቱ የጠበበ፥ ጭቃው የተሰነጠቀ አሮጌ ሕንፃ ያለበት ደብር ጥቂት አይደለም። ብዙ ቦታ ዐዲሱ በሲሚንቶ ሲሠራ አሮጌው በአንድ ሳምንት ይፈርሳል፤ በሩ ለማገዶ፥ ሥዕሉም ለዝናም ይቀራል። ዐዲስ መሥራት በጎ ነው፤ ሕዝብ ሲበዛ ቤተ እግዚአብሔር ሊሰፋ ይገባዋልና። ከመዶሻው በፊት ግን ሦስት ነገር ይደረግ። መጀመሪያ ሽማግሌዎችና እናቶች፥ መሪጌታውና ቄሰ ገበዙ ተጠርተው የቤቱን ታሪክ ይናገሩ፤ የሚናገሩትም በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ ቤቱ ይለካ፥ በፎቶግራፍም ይነሣ፤ በሩ፥ መስኮቱና ሥዕሉ ይቈጠር። ሦስተኛ አሮጌው ሳይፈርስ ለዕቃ ቤት፥ ለአብነት ተማሪዎች ወይም ለመጻሕፍት ማኖሪያ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ በሰበካ ጉባኤው ፊት ይመከር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ይፍረስ ቢባል እንኳ፥ ያፈረሰው ባለቤቱ ነውና በልብ ቂም አይቀርም፤ ልጅም አባቱ የተጠመቀበትን ስፍራ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል።

የበዓል ዓመት የተሰጠው የተሠራውን ለመቍጠር ብቻ አይደለም፤ የተረከቡትን ለማስታወስም ነው። በለገሃር ደጃፍ የቆመው አንበሳ ተሰድዶ የተመለሰው፥ የእኔ ነው የሚል ሰው ስላልታጣ ነው። በሮቢትም ለአሮጌው ደጃፍ የእኔ ነው የሚል ሰው አይጥፋ፤ በተናገረም ጊዜ የሚሰማው ጉባኤ አይታጣ። የአባቶችን ሥራ ያስጠበቀ አምላክ የልጆችንም ምክር ይባርክ።